ቄብ ዶሮ እንቁላል ልትጥል መድረሷን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ለገና ያረድናት ገብስማ ቄብ ሰባተኛ ወሯን ጨርሳ ነበር። አብረዋት የተፈለፈሉት ሁለቱ መጣል ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ እሷ ግን አንድም እንቁላል ስላላሳየችን «ይቺስ መካን ናት» ተባለና ተፈረደባት። እናቴ ስትበልታት ከጀርባ አጥንቷ ሥር ቢጫ ዘለላ አገኘች። ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ አስኳሎች፣ ሽንብራ የሚያህሉ፣ ከዚያ እየተለቁ የሚሄዱ አራት አምስት፣ በመጨረሻም መጥበሻ ላይ እንደምናየው ያለ አንድ ሙሉ አስኳል። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጥቂት ቀን ብንታገሳት ኖሮ» አለች።

የሚቆጨኝ ዶሮዋ በምልክቷ እየነገረችን መታረዷ ነው። ፊቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀልቶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ማገዶ ቤት እየገባች ስትወጣ ሁላችንም አይተናታል። እኛ ግን የቆጠርነው ወር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቄብ ባሳደግሁ ቁጥር ምልክቶቹን አንድ በአንድ እከታተላለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው።

ያ ዘለላ ምልክቶቹ ከየት እንደሚመጡ ጭምር ያሳያል። ቄቧ ስትደርስ እንቁላል ማፍሪያዋ ሥራ ይጀምርና አስኳሎቹ ተራ በተራ ማደግ ይጀምራሉ። አንድ አስኳል ከትንሽነቱ ተነሥቶ ሙሉ እስኪሆን የመጨረሻው ፈጣን ዕድገት አሥር ቀን ገደማ ይወስዳል። በዚሁ ጊዜ ከማፍሪያው የሚመነጩት ሆርሞኖች በደሟ ይሰራጫሉ፤ ፊቷን ያቀላሉ፣ የዳሌ አጥንቶቿን ያለያያሉ፣ ጠባይዋንም ይለውጣሉ። ስለዚህ ውጪ የምናየው ለውጥ ሁሉ ውስጥ ያለው ዘለላ ጥላ ነው።

በመጀመሪያ ዝርያዋን ለዩ፣ ከዚያ ዕድሜዋን ቁጠሩ

ዕድሜ ብቻውን አያስተማምንም፤ ግን መቼ መመልከት መጀመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የመሳሰሉት ለእንቁላል የተመረጡ ዝርያዎች በደንብ ከተመገቡ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ሳሶ ትንሽ ዘግየት ልትል ትችላለች። የአገራችን ዶሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ሳይሞላት አትጥልም፤ ጓሮ ለጓሮ ጭራ የምታድር ከሆነች እስከ ስምንት ወር መቆየቷ ያልተለመደ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ45 ቀን ጫጩት የገዛ ሰው ዕድሜዋን ከገዛበት ቀን መቁጠር ይጀምርና «አምስት ወር ሊሆናት ነው» ሲል እሷ ስድስት ወር ተኩል ይሆናታል። በተቃራኒው ደግሞ ቦቫንስ በአምስተኛው ወር መጀመሪያ እንደምትጥል ሰምቶ፣ ከገዛ በሦስተኛው ወር እንቁላል ሲያይ የሚደነግጥ አለ። የ45 ቀን ጫጩት ስትገዙ ስድስት ሳምንት ተኩል አብራችሁ ገዝታችኋል፤ የቀራት ሦስት ወር ገደማ ነው። የገዛችሁበትን ቀን ከነዕድሜዋ ቤቱ በር ላይ ጻፉት።

በ16ኛው ሳምንት ገደማ ቤቱ ወለል ላይ የክንፍ ላባ ታገኛላችሁ። አትደንግጡ፣ በሽታ አይደለም። ጠባብና ጫፉ ሾጠጥ ያለው የታዳጊነት ላባ እየወደቀ ሰፋ ያለው የትልቅ ዶሮ ላባ እየተተካ ነው። ልብሷን ቀይራ ስትጨርስ ሰውነቷ ወደ እንቁላል ያዞራል።

ፊቷን በየሳምንቱ ተመልከቱ

ከሩቅ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያው ምልክት አናቷ ላይ ያለው ሥጋማ ዘውድ ነው። ያልደረሰች ቄብ ዘውዷ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ቀለሙም የገረጣ ሮዝ ወይም ቢጫ ቀመስ ነው። መድረስ ስትጀምር ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠሉት ሁለቱ ሥጋዎችም እንዲሁ ይረዝማሉ፤ ከዚያ በኋላ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ ጭምር ይቀላል። ዘውዱን በጣታችሁ ብትነኩት ይሞቃል፤ ያልደረሰችው ግን እንደ ደረቅ ቆዳ ትሻክራለች።

ከዚህ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው እንቁላል ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀራል።

መጠኑን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ከአገራችን ዶሮዎች መካከል ዘውዳቸው ድርብ የሆኑት ብዙ ናቸው፤ እነሱ ዘውዳቸው ቢደርሱም ትልቅ አይሆንም፣ የምታዩት ቀለሙን ነው። ዘውዷ ነጠላ የሆነች ነጭ ሌግሆርን ግን እስኪጎነበስ ድረስ ሊረዝምባት ይችላል። በሁለት ወር ተኩል ዕድሜዋ ከእኩዮቿ ተለይታ ዘውዷ ቀይና ትልቅ የሆነች «ቄብ» ካለቻችሁ ደግሞ ቀድማ የደረሰች እንዳይመስላችሁ፤ በአብዛኛው እሷ አውራ ናት። የጀርባዋን ጫፍ ላባ እዩት። ቀጭን፣ ሹልና የሚያንጸባርቅ ሆኖ ወደ ጎን ከተንጠለጠለ ጥርጣሬው አበቃ።

ጠባይዋን አስተውሉ

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። እጃችሁን ከጀርባዋ በላይ ስታሳልፉ ትሸሽ የነበረችው ቄብ አንድ ቀን ባለችበት ትቆማለች፤ ጉልበቷን አጥፋ መሬት ላይ ዝቅ ትላለች፣ ክንፎቿን ከጎኗ ለቀቅ አድርጋ ጀርባዋን ታመቻቻለች። ይህ ለአውራ ዶሮ የምታሳየው ሁኔታ ነው፤ አውራ በሌለበት ግቢ ለሚመግባት ሰውም ታደርገዋለች። ይህን ካያችሁ የቀራት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ አንዳንዷ በማግስቱም ትጥላለች።

ባለፈው ዓመት ካሳደግኋቸው አሥራ ሁለት ቦቫንሶች መጀመሪያ እንዲህ ያለችው አንዲት ጎኗ ላይ ነጭ ላባ ያላት ናት። ውኃ ልቀይር ጎንበስ ስል እግሬ ሥር ተኛች። የረገጥኋት መስሎኝ ደንግጬ ወደ ኋላ ተመለስሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ጀርባዋን ስዳስሳት ላባዋን አራግፋ ተነሣችና ምንም እንዳልሆነ ወደ መኖዋ ሄደች። በስድስተኛው ቀን ጎጆው ውስጥ አንድ እንቁላል አገኘን።

ሌላው ቦታ ፍለጋ ነው። ልትጥል የደረሰች ቄብ ጨለም ያለ ጥግ ታስሳለች፤ ከምጣድ ኋላ፣ ከማገዶ ክምር ሥር፣ ከአልጋ ሥር ትገባለች። ጭድ በአፏ እያነሣች ወደ ጀርባዋ ትወረውራለች፣ በደረቷ መሬቱን ጎድጎድ ታደርጋለች፣ ትነሣለች፣ እንደገና ትቀመጣለች። ድምፅዋም ይለወጣል። የጫጩትነት ጩኸቷ ቀርቶ ረዘም ያለ የሚያጉረመርም ድምፅ ታሰማለች፤ አንዳንዷ ሳትጥል አስቀድማ ታሽካካለች። ማሽካካቷን ሰምታችሁ ሮጣችሁ ብትሄዱ ባዶ ጎጆ ልታገኙ ትችላላችሁ። መኖም መጨመሯ አይቀርም፤ በተለይ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ እየመረጠች መልቀም ከጀመረች አጥንቷ ለቅርፊት መሥሪያ ካልሲየም እያጠራቀመ ነው።

ሲመሽ ከቆጥ አውርዳችሁ ዳስሷት

ፊቷ ከቀላ በኋላ እርግጠኛውን ነገር የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው። ቀን አሳዳችሁ አትያዟት፤ ሲመሽ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ በሁለት እጅ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ደግፋችሁ አውርዷት። ራሷን ወደ ኋላችሁ፣ ጅራቷን ወደ ፊታችሁ አድርጋችሁ ብብታችሁ ሥር ያዟት። በእግሯ ዘቅዝቆ መያዝ በገበያ የተለመደ ቢሆንም ልትጥል ለደረሰች ቄብ አደገኛ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለ እንቁላል ከተሰበረ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ከጅራቷ ሥር እንቁላል የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጉ። በግራና በቀኙ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ጫፍ ለጫፍ ይሰማችኋል። በመካከላቸው ጣታችሁን በአግድም ግጠሙ። አንድ ጣት ብቻ ከገባ ገና ናት። ሁለት ጣት ከገባ ቀርባለች። ሦስት ጣት በምቾት ከገባና አጥንቶቹ ለጠጥ የሚሉ ከሆነ ወይ ጀምራለች ወይ በዚህ ሳምንት ትጀምራለች። ቀጥሎ ከእነዚህ አጥንቶች እስከ ፍርምባ አጥንቷ ጫፍ ያለውን ለኩ፤ የምትጥል ዶሮ እዚህ ላይ ከሦስት እስከ አራት ጣት ስፋት አላት፤ ሆዷም እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ጠንካራና ውፍረት የበዛበት ከሆነ ስብ ነው፤ የበቆሎ መብዛት ያመጣዋል።

የመውጫ ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። ያልደረሰችው ጠባብ፣ ክብና ደረቅ ነው። የደረሰችው ሰፋ ያለ፣ እርጥበት ያለውና ወደ ጎን የተዘረጋ ይሆናል። ቆዳቸው ቢጫ በሆኑ ዝርያዎች መጣል ከጀመሩ በኋላ መጀመሪያ የቀዳዳው ዙሪያ ቢጫነቱን ያጣል፣ ቀጥሎ የዓይን ዙሪያ፣ ከዚያ ምንቃሩ፣ በመጨረሻም ከወራት በኋላ እግሩ። ቢጫው ቀለም ከመኖው የሚመጣ ነው፤ ዶሮዋ መጣል ስትጀምር ወደ አስኳሉ ይሄዳል።

ጎረቤታችን እማማ ይህን በጣት የመለካት ነገር ሳስረዳቸው እጄን ያዝ አድርገው ከራሳቸው ጣት ጎን አስቀመጡት። «ልጄ፣ ያንተ ሁለት የኔ ሦስት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ መጣሏን በእርግጠኝነት የምታውቋትን ዶሮ በራሳችሁ ጣት ለኩና እሷን መለኪያ አድርጉ። ከአገር ዶሮ ጋር ደግሞ ትልቅ ዝርያ አታወዳድሩ።

ይህ የጣት መለኪያ ገበያ ላይም ያድናችኋል። ሻጭ ሁሉ «ሰሞኑን ትጥላለች» ይላል። ፊቷ የገረጣ፣ አጥንቶቿ የተጋጠሙ ከሆነ ወር ከዚያም በላይ ልትቀልቧት ነውና ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ። ጀምራለች የተባለችም ብትሆን አካባቢ ስትለውጥ አንድ ሁለት ሳምንት ልታቋርጥ ትችላለች።

ምልክቱን ስታዩ ቤቷን አዘጋጁ፣ መኖዋን ግን አትቸኩሉበት

ጎጆውን ፊቷ መቅላት ሲጀምር አስገቡ፤ የመጀመሪያውን እንቁላል የት እንደጣለች ታስታውሳለችና ዘግይታችሁ ጎጆ ብታመጡ ከለመደችው ጥግ መመለስ ይከብዳል። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ጎጆ ይበቃል። ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሣጥን፣ ወይም ሰፋ ያለ አሮጌ ቅርጫት ይሆናል። ንጹሕ የጤፍ ጭድ አንጥፉበት፣ ጨለም ያለ ቦታ ላይ አድርጉት፣ ከቆጡ ግን ዝቅ ይበል፤ ጎጆው ከቆጡ ከፍ ካለ እዚያው እያደሩ ያቆሽሹታል። አንድ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጭ ድንጋይ ብታስቀምጡበት ቄቧ ቦታውን ቶሎ ትለየዋለች።

መኖው ላይ ግን የብዙ ሰው ጉጉት ጉዳት ያመጣል። ቶሎ እንድትጥል ብሎ በሦስተኛው ወር የእንቁላል ጣይ መኖ መስጠት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ነው። የጣይ መኖ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ የታዳጊ መኖ ግን 1 በመቶ ገደማ ነው። ገና ቅርፊት የማትሠራ ቄብ ያን ሁሉ ካልሲየም የምታስወግደው በኩላሊቷ ነውና ኩላሊቷ ይጎዳል። ዘውዳቸው ቀልቶ አጥንታቸው ሁለት ጣት ሲሆን ከታዳጊ መኖው ጋር የጣዩን መኖ በትንሽ በትንሹ እያቀላቀላችሁ በአሥር ቀን ውስጥ አሸጋግሯቸው። የመጀመሪያው እንቁላል ሲታይ ሙሉ በሙሉ የጣይ መኖ ይሁን።

ቤት ውስጥ መኖ ለምታዘጋጁ፣ በቆሎና ፉርሽካ ብቻውን እንቁላል አያወጣም፤ የኑግ ፋጉሎ ወይም ሌላ የፕሮቲን ምንጭ ያስፈልጋል። ለካልሲየም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላቸው፣ የሚያስፈልጋት ታነሣለች። ለግድግዳ መቀቢያ የሚሆነው ኖራ ግን የሚያቃጥል ነውና በፍጹም እንዳትሰጡ። የእንቁላል ቅርፊት ከሆነ ታጥቦ፣ በምጣድ ታምሶና ደቅቆ ይሰጥ፤ ሳይደቅ ከተሰጣቸው የራሳቸውን እንቁላል መስበር ይማራሉ። ውኃ ከመኖው እጥፍ ይጠጣሉ፤ ውኃ ያጣች ቀን እንቁላሏም ይጠፋል።

ክትባትና የአንጀት ትል መድኃኒት ቀርቶ ከሆነ መጣል ሳይጀምሩ ጨርሱ። በተለይ የፈንግል ክትባት ይደር የሚባል አይደለም፤ ወደ አካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ።

ስለ መብራት አንድ ነገር። አዲስ አበባ አካባቢ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ወቅቱ ቄብ አያስቀርም። አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ግን መጸው ላይ የደረሰች ቄብ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ እስከ የካቲት ልትዘገይ እንደምትችል እወቁ። አምፖል መጨመር የሚቻለው ሰውነቷ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ቦቫንስ ከሆነች አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ስትደርስ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ 14 ሰዓት ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ሳይደርሱ በመብራት የተቀሰቀሱ ቄቦች እንቁላላቸው ትንንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ሲያምጡም ሥጋቸው ወደ ውጪ የሚወጣባቸው አሉ።

የመጀመሪያው እንቁላል ሲመጣ

ትንሽ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ግራም ገደማ። ቅርፊቱ የሳሳ፣ ጭራሽ ቅርፊት የሌለው፣ አስኳል አልባ ወይም ሁለት አስኳል ያለው ሊሆን ይችላል። ትንሽ የደም ጭረት ብታዩበትም አትፍሩ። አካሏ ሥርዓቱን እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጧት። አንድ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ለቅርፊቱ ብቻ ነው። የመጣያ ሰዓቷ በአብዛኛው ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ነውና በዚህ ጊዜ ቤቱን አትጥረጉ፣ እንግዳም አታስገቡ። እንቁላሉን ቶሎ ቶሎ አንሡ።

ጅራቷን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታ ቆማ የምታምጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎጆ የማትወጣ ቄብ እንቁላል ተቀርቅሮባት ሊሆን ይችላል። ሥጋ ወደ ውጪ የወጣባትን ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ለዩዋት። ሌሎቹ ቀይ ነገር ካዩ ይወጓታል፣ ለሕይወቷም ያሰጋታል።

ምልክቱ ሁሉ እያለ እንቁላል ከጠፋ

ሚዛን ላይ አውጧት፤ የከሳች ከሆነች ነገሩ መኖ ወይም ትል ነው። ክብደቷ ደህና ሆኖ አጥንቶቿ ሦስት ጣት ካሳዩ ግን እየጣለች ነው፤ የማታውቁት እናንተ ናችሁ። በጓሮ የምትለቀቅ የአገር ዶሮ እንቁላሏን ትደብቃለች። ከዚያ ገና በኋላ ማገዶ ስናነሣ፣ ገብስማዋ ትመላለስበት ከነበረው ክምር ኋላ የእኅቷን ዘጠኝ እንቁላሎች አገኘን። እንዲህ ያለ ስታገኙ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ተኝቶ ከታች የቀረው ትኩስ ነው፣ የተንሳፈፈውን ጣሉት።

የምትደብቀዋን ዶሮ ለመያዝ ለሦስት ቀን ያህል እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ድረስ ከቤቷ አታስወጧት፤ መኖና ውኃ ውስጥ ስጧት፣ ጎጆው ውስጥ ነጩን ድንጋይ ተዉላት። ብዙዎቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጠዋት እዚያው ይጥላሉ፤ ሲለቀቁም ወደዚያው ይመለሳሉ።